የስድስት ቁጥር እንሰት

ዓርብ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ አሥር አለቃ ኤርካሎ የምርመራ ክፍሉን በር ገፋ አድርጎ ገባ። ባርኔጣውን አወለቀና፣ «አሥራ አራት ናቸው፤ ሁሉም ወገባቸው ላይ ተቆርጠው ወድቀዋል» አለ።

ሃምሳ አለቃ ገበየው የያዘው ብዕር ከእጁ አመለጠ። ሶዶ ላይ በመርማሪነት በሠራባቸው ሦስት ዓመታት የገጠመው ትልቁ ወንጀል የበቅሎ ስርቆት ነበር። ሽጉጡን ሊያወጣ መሳቢያውን ሲስብ ኤርካሎ ፊቱን አየና፣ «ሰው አይደለም፣ ጌታዬ፤ እንሰት ነው» ሲል ጨመረ።

ገበየው ተመልሶ ቁጭ አለ። የጎጃም ልጅ ነው፤ ጤፍና ዳጉሳ እያየ ነው ያደገው። ለእሱ እንሰት ማለት ፍሬ ማፍራት ያቃተው ሙዝ ነበር። ይህንን አንድ ቀን በኤርካሎ ፊት ተናግሮት፣ በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት የሚበልጠው ረዳቱ ሳምንት ሙሉ አኩርፎት ስለነበር አሁን አልደገመውም።

«የማን እንሰት ነው?»

«ላይኛው ሠፈር፣ ስድስት ቁጥር። የወይዘሮ አዛለች።»

የሠፈሩ ስም ሲነሣ የገበየው ራስ ምታት አብሮ ተነሣ። ከዚያ ሠፈር በአንድ ዓመት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ማመልከቻ ደርሶታል። የማን አጥር ከማን አጥር በስንዝር እንደበለጠ፣ የማን ጣሪያ ውኃ በማን ደጅ እንደሚወርድ፣ የማን አውራ ዶሮ ከተፈቀደው ሰዓት በፊት እንደጮኸ። እግዜር ያሳያችሁ፣ መንግሥት ደመወዝ የሚከፍለው መርማሪ አውራ ዶሮ ቃሉን ይስጥ ብሎ ይጥራ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1952 ዓ.ም.፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከዳሞት ተራራ ግርጌ ለአሥራ አንድ ቤተሰብ ቦታ ሲመራ፣ ተመሪዎቹ «ዘመናዊ ሠፈር እንሠራለን» ብለው የቤት ባለቤቶች ማኅበር አቋቋሙ። ቦታው የተሰጠው በማኅበሩ ስም ስለነበር ከማኅበሩ የወጣ ከቦታውም ይወጣል። ማኅበሩ አርባ ሦስት አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ደንብ አለው። ደንቡን ያረቀቁት ሊቀ መንበሩ አቶ ሰብስቤ ናቸው። አቶ ሰብስቤ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የሌላ ሰው ቃል ሲጽፉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የራሳቸውን ቃል መጻፍ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ የሚያቆማቸው አልተገኘም።

ስድስት ቁጥር ደጃፍ ሲደርሱ ሠፈሩ በሙሉ አጥር ተደግፎ ቆሟል። ከመንገዱ ዳር እስከ በረንዳው ድረስ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጡ አሥራ አራት የእንሰት ግንዶች ቅጠላቸውን እንደለበሱ ተጋድመዋል። ጉቶዎቹ በሁለት ረድፍ ቀርተዋል።

አዛለች በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ቢበዛ አርባ አምስት ዓመት ይሆናታል። ባሏ መምህር ሶርሳ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ልጅ አልወለዱም። በቤተ ክርስቲያኗ የምትታወቀው ባለመዋሸቷ ነው። አንድ ጊዜ ለምስክርነት ተጠርታ፣ «አዎ ካልኩ አዎ ነው፤ ለምን ያስምሉኛል?» ብላ ዳኛ አስጨንቃለች።

ቃሏን በአጭሩ ሰጠች። የዘጠኝ ቁጥሩ መምህር ዳና እናት ሞተው፣ ትናንት ጧት አንድ ሰዓት ላይ ሠፈሩ በጭነት መኪና ተጭኖ ለቀብር ጉኑኖ ሄደ። እሷም ሄደች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሲመለሱ እንሰቷ እንዲህ ተጋድሞ ቆያት።

«ሶርሳ ነው የተከለው» አለች። «አምስት ዓመቱ ነው። ለከርሞ ይደርስ ነበር።»

«ጠላት አለዎት?»

«ጠላት የለኝም» አለች አዛለች። «ደንብ ነው ያለኝ።»

ደንቡም ወዲያው ብቅ አለ። አቶ ሰብስቤ ነጭ ቀለም የተቀባችውን የአንድ ሜትር በትራቸውን ይዘው፣ በብብታቸው መዝገብ ሸጉጠው መጡ። ያቺ በትር ከእጃቸው አትለይም፤ የሠፈሩን አጥር ሁሉ ስትለካ የኖረች ናት። ሰላምታ ሳይሰጡ መዝገቡን ገልጠው አንቀጽ አሥራ ሰባትን አነበቡ። ከመንገድ የሚታይ እንሰት በባለቤቱ እጅ ይነሣል፤ በተወሰነው ቀን ካልተነሣ ቦታው ከነቤቱ ለማኅበሩ ተመላሽ ይሆናል።

ገበየው አንቀጹ መቼ እንደወጣ ጠየቀ። አምና ነው አሉት። እንሰቱስ መቼ ተተከለ? ከአምስት ዓመት በፊት። ታዲያ ኋላ የወጣ ደንብ ቀድሞ የተተከለን እንዴት ይነቅላል ሲል፣ አቶ ሰብስቤ አንቀጽ አርባ አንድን ሊያነቡ ገጽ መግለጥ ጀመሩ። ገበየው እጁን አነሣና ይብቃ አለ። ለማወቅ የፈለገውን አውቋል። አዛለች ሦስት ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል፤ ሦስቱንም ጊዜ «ሶርሳ የተከለውን በእጄ አልቆርጥም» ብላለች። የመጨረሻው ቀን የፊታችን ሰኞ ነው። ሰኞ ቤቷን ታጣለች ወይስ አታጣም፣ ነገሩ ይኸው ነው።

«እንግዲህ ተቆርጧል» አለ ገበየው። «ደንብዎ ተፈጽሟል ማለት ነው።»

አቶ ሰብስቤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት። «በባለቤቱ እጅ ይላል፣ ሃምሳ አለቃ። በወንጀለኛ እጅ አይልም። ሴትዮዋ ግዴታዋን አልፈጸመችም። ማዘጋጃ ቤቱ ሰኞ የእርስዎን ሪፖርት ይጠብቃል።»

ሰው ንብረቱ ወድሞበት፣ የወደመበት በራሱ እጅ ስላልሆነ ቤቱንም ይቀማል የሚል ሕግ ገበየው በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም። ተናዶ ወደ ጉቶዎቹ ዞረ።

አንድ ነገር ዓይኑን ያዘው። አሥራ አራቱም ጉቶዎች እኩል ናቸው። ከአቶ ሰብስቤ እጅ በትሪቱን ተቀብሎ ለካቸው፤ ሁሉም ልክ ሰማንያ ሳንቲሜትር። ንዴት ያለበት ሰው እንዲህ አይቆርጥም። እንዲህ የሚቆርጠው መለካት የማይተወው ሰው ነው። በትሪቱን ሲመልስ አቶ ሰብስቤን ትንሽ ትክ ብሎ አያቸው።

ኤርካሎ ከረድፉ ጀርባ ተንበርክኮ አፈር እየነካካ ነበር። «ጌታዬ፣ ችግኙ የለም» አለ። ገበየው ምን ችግኝ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። ከተቆረጠው ሌላ የጠፋ መስማት አልፈለገም።

በዚያን ቀን ከሰዓት በፊት የሠፈሩ ዘበኛ ጦና ታሰረ። እውነቱን ለመናገር ገበየው ያሰረው ስላመነበት አልነበረም። ሠፈሩ ጉኑኖ ሲወርድ የቀረው እሱ ብቻ ነው። ገጀራው ላይ የእንሰት ውኃ ደርቆ ጠቁሯል። ሲጠየቅም «ምንም አላየሁም» ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም። ሠፈርተኛው ከበው «እሱ ነው» ሲሉ መርማሪ ምን ያድርግ? ኤርካሎ ግን አጉረመረመ። ጦና ለላሙ ቅጠል በየቀኑ ነው የሚቆርጠው፤ ደግሞ ገጀራ ሰያፍ ይቆርጣል እንጂ ይህን ያህል ደልዳላ አይቆርጥም አለ። ገበየው ራሱን ያመው ስለነበር አልሰማውም። በኋላ ይህን ሲያስታውስ ያፍር ነበር።

ከሰዓት በኋላ በየቤቱ እየዞረ ማን የት እንደዋለ ጠየቀ። ሁሉም አንድ መልስ ነው የሰጡት፤ ጉኑኖ ነበርን። አቶ ሰብስቤም ይህን አረጋገጡ። በአንቀጽ ሠላሳ አንድ መሠረት ለቅሶ ላይ ስም ይጠራሉ፤ የቀረ ይቀጣል። ትናንት መቃብሩ አጠገብ ጠርተዋል፤ አሥራ አንዱም ተገኝቷል።

ሰባት ቁጥር የአናጺው የብሩ ቤት ነው። ብሩ ከጉራጌ አገር የመጣ፣ ስልሳ ዓመት የተጠጋው ዝምተኛ ሰው ነው። የሠፈሩን በርና መስኮት ሁሉ የሠራው እሱ ነው። ከሟቹ ሶርሳ ጋር የወንድም ያህል ነበሩ ይባላል። ገበየው ሲገባ ጣውላ ይልግ ነበር፤ መላጊያውን አላቆመም።

«ትናንት ጉኑኖ ነበሩ?»

«ሣጥኑን እኔ ነኝ የሠራሁት» አለ ብሩ። «ዋንዛ ነው። ሌሊቱን ስሠራ አድሬ ጧት አስጫንኩት።»

ሚስቱ ጣፈጠች ከጓዳ ወጥታ፣ ቀብሩ እንዴት ያለ ቀብር እንደነበረ፣ ዳና እንዴት እንዳለቀሰ፣ መኪናው ሲመለስ የት ላይ ጭቃ እንደያዘው ሳታቋርጥ ተረከች። ገበየው «ሰባት ቁጥር፦ ጉኑኖ» ብሎ ጽፎ ወጣ።

ቅዳሜ ጧት አቶ ሰብስቤን ጣቢያ ጠራቸው። ጉቶዎቹንና በትሪቱን እያነሣ፣ ስድስት ቁጥርን ማኅበሩ ሲረከበው ማን ሊገባበት እንደታሰበ ጠየቃቸው። አቶ ሰብስቤ ሳያፍሩ የሚስታቸው ወንድም ቦታ እየጠበቀ መሆኑን ተናገሩ። ታዲያ እርስዎ ነዎት የሚጠቀሙት ሲላቸው፣ ሽማግሌው ፊታቸው ቀላ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ያስቡ እንጂ! እንሰቱ እስከ ሰኞ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ቦታው ያለ ክርክር የማኅበሩ ነበር። አሁን ይኸው ፖሊስ ገባበት፣ ሪፖርት ገባበት። የቆረጠው ሰው እኔን ነው የጎዳኝ።»

ሦስት መቶ ለቀስተኛ ፊት ቆመው የሕይወት ታሪክ ያነበቡት ራሳቸው እንደሆኑም አስረዱ። ይህም እውነት ነበር።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ገበየው ብቻውን ተቀመጠ። ክፉኛ መረረው። ከትናንት ጀምሮ ማን አዛለችን ይጠላል ሲል ነበር፤ ሽማግሌው ግን በንዴታቸው ትክክለኛውን ነገር ነግረውት ሄዱ። እንሰቱ መቆረጡ የሚጠቅመው አዛለችን ነው። የቆረጠው ጠላቷ ሳይሆን ቤቷ እንዲተርፍ የፈለገ ሰው ነው። የአንቀጹን «በባለቤቱ እጅ» የምትለዋን ቃል ልብ ያላለ ሰው።

ከውጭ የመዶሻ ድምፅ ሰማ። ወጥቶ ሲያይ ብሩ የጣቢያውን በር ማጠፊያ እያጠበቀ ነው።

«ማን ጠራህ?» አለው፤ ደንግጦ አንተ ማለቱን እንኳ ልብ አላለም።

«በሩ ሲያቃስት ሰምቼ ነው» አለ ብሩ ቀና ሳይል። ትንሽ ቆይቶም ጦና ምግብ በልቶ እንደሆነ ጠየቀ። በልቷል ሲሉት መሣሪያውን ሰብስቦ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ። ሊናገር ያሰበ ይመስል ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ሄደ።

«ኤርካሎ» አለ ገበየው፣ «ትናንት ችግኝ ያልከው ምንድን ነው?»

ኤርካሎ ከትናንት ጀምሮ ሲጠብቀው የነበረ ጥያቄ ስለሆነ ተደላድሎ ተቀመጠ። ኤርካሎ አማርኛው ላይ ወንድና ሴት ይደባለቁበታል፤ ነገሩ ግን ሁልጊዜ ግልጽ ነው። «አዛለች ከትልልቁ ኋላ ትንንሽ ችግኝ ነበረው። ሃያ ይሆናል። አንዱም የለም። አልተቆረጠም፤ ከነአፈሩ ተነሥቷል። ጌታዬ፣ ክፉ ሰው ችግኝ ይረግጣል። እንሰት በልቶ ያደገ ሰው ነው እንጂ ችግኝ ጥሎ መሄድ የማይችለው።»

«እንሰት በልተው ያላደጉት እኔና አቶ ሰብስቤ ብቻ ነን እኮ፣ ሠፈሩ ግማሹ ወላይታ ነው» አለ ገበየው።

«እሱም ልክ ነው» አለ ኤርካሎ። «ጉራጌም አለ።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱ ወደ ዘጠኝ ቁጥር ልቅሶ ለመድረስ ሄዱ። ዳና ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ገበየው እግዚአብሔር ያጥናህ ካለ በኋላ፣ ሠፈርህ ግን አላሳፈረህም፣ አንድም ሰው አልቀረም አለው።

«አንድ ሰው ቀርቷል» አለ ዳና። ድምፁ ላይ ቅሬታ ነበረበት። «ጋሽ ብሩ አልመጣም። ሣጥኑን ሠርቷል፤ ስለ ሣጥኑ እግዜር ይስጠው። እሱ ግን አልመጣም። እናቴን እንደ እናቱ ነበር የሚያያት።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሃምሳ አለቃ፣ ሐዘን የደረሰበት ሰው ማን እንደመጣ ይረሳ ይሆናል። ያልመጣውን አይረሳም።»

ገበየው ከዚያ በቀጥታ አምስት ቁጥር ገብቶ አቶ ሰብስቤን የለቅሶውን መዝገብ አሳዩኝ አላቸው። ሽማግሌው በኩራት ዘረጉት። ገጹ ላይ አንድም የሰው ስም የለም። ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ቁጥር፣ በየቁጥሩ ፊት ምልክት።

«ሰባት ቁጥር ሲጠራ ማን አቤት አለ?»

«ጣፈጠች።»

«ብሩስ?»

አቶ ሰብስቤ ግራ ተጋቡ። «ከባልና ከሚስት አንዱ ከተገኘ ተገኝቷል ነው የሚባለው። እኛ የምንቆጥረው ሰው አይደለም፣ ሃምሳ አለቃ፤ ቤት ነው።»

ገበየው ሦስት ቀን በዚህ መዝገብ ሲምል መኖሩን አሰበ። ማስታወሻውን አውጥቶ የሠፈርተኛውን ቃል ገለጠ። ብሩን አይታችሁታል ብሎ የጠየቃቸው ሁሉ የመለሱት አንድ ነው፤ «ሣጥኑን እኮ እሱ ነው የሠራው።» አየሁት ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ብሩም ራሱ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ትቶ ሌላ እውነት ነው የተናገረው።

ሰባት ቁጥር ሲደርሱ ብሩ ጓሮ ነበር። ከሥራ ክፍሉ ጀርባ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ በተነሰነሰበት አፈር ላይ፣ ጫፋቸው የተቆረጠ ሃያ ሁለት የእንሰት ችግኞች በሦስት ረድፍ ተተክለዋል። በረድፍና በረድፍ መካከል ያለው ርቀት እኩል ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቁ መጋዝ ጥርሶቹ ጠቁረዋል።

«ውኃ ሳጠጣቸው መጣችሁ» አለ ብሩ። እፎይ ያለ ይመስል ነበር።

ቃሉን የሰጠው እዚያው ቆሞ ነው። አምና አቶ ሰብስቤ ስብሰባው ሊበተን ሲል አንቀጽ አሥራ ሰባትን ሲያነቡ፣ ሰው ሁሉ እጁን ሲያወጣ እሱም አወጣ። የምን እንደሆነ ልብ አላለውም፤ ለመሄድ ቸኩሎ ነበር። አዛለች ብቻዋን እጇን ሳታወጣ ስትቀር ነው ያወቀው። ሶርሳ ሊሞት ሲል «ቤቷን አደራ» ብሎታል። አደራ የተባለውን ቤት በገዛ እጁ አስወሰነበት። ቁረጪው ብሎ ሁለት ጊዜ ለመናት፤ እምቢ አለች። ስለዚህ ሠፈሩ ለቀብር ሲሄድ እሱ ቀረ። ጦና በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ላሙን ወንዝ እንደሚያወርድ ያውቃል። ያን ሰዓት ጠብቆ ቆረጠ። ችግኙን ግን ጥሎ መሄድ አልሆነለትም።

«ጦና ሲታሰር ለምን ዝም አልክ?»

«ሰኞን ብቻ ብታልፍ ብዬ ነው። ሰኞ ማታ ልመጣ ነበር። ቅዳሜም መጥቼ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።»

ሰኞ ጧት የምርመራ ክፍሏ ሞልታለች። አቶ ሰብስቤ መዝገባቸውንና በትራቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል። ብሩ ቆሟል። ጦናን ከእስር አምጥተውታል፤ ዘበኝነቱን ጥሎ ላም ሲጠብቅ መዋሉን ለመደበቅ አራት ቀን መታሰሩን አሁን ሁሉም አውቆበት አንገቱን ደፍቷል። ሰው እንጀራውን ላለማጣት ሲል እስር ይመርጣል፤ ገበየው ዓይኑን ማየት አቃተው። አዛለች በሩ አጠገብ ናት። ብሩን አንድ ጊዜ አየችውና ዳግመኛ አላየችውም።

ብሩ ቃሉን ደገመ። አቶ ሰብስቤ ገና ሳይጨርስ መዝገባቸውን ገልጠው ነበር። ጉዳዩ አሁን ግልጽ ነው አሉ። በሌላ ሰው እጅ ተቆርጧል፤ ወንጀለኛው አምኗል፤ በባለቤቱ እጅ የሚለው አልተፈጸመም፤ ቀኑም ዛሬ ነው። ሃምሳ አለቃ ይፈርሙልኝና ማዘጋጃ ቤት ልድረስ።

ገበየው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ፊርማ ጠልቶ አያውቅም። ብሩን ይከስሳል፤ አዛለች ቤቷን ታጣለች፤ አደራውም ሰዎቹም ሁሉ አብረው ይፈርሳሉ። ሕጉ ግን ሌላ መንገድ አላሳየውም። ቅጹን ወደ ራሱ ስቦ ባዶ ቦታዎቹን መሙላት ጀመረ። የወንጀሉ ዓይነት። ቀን። ቦታ። የንብረቱ ባለቤት።

«የንብረቱ ባለቤት፣ ወይዘሮ አዛለች…» እያለ ብዕሩን ሲያስነካ፣

«ይቆዩ» አለች አዛለች።

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ዝም ብትል ይህ ሰው እንደሚታሰር ታውቃለች። ተናዳበታለች፤ እንዲታሰር የምትፈልግበት ልብም ነበራት፤ ይህ ከፊቷ ይነበብ ነበር።

«የእኔ ብቻ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ሶርሳና ጋሽ ብሩ በኮታ ነው የያዙት። ችግኙ የጋሽ ብሩ፣ መሬቱ የሶርሳ። ሲደርስ እኩል ሊካፈሉ ነበር።»

ገበየው ወደ ኤርካሎ ዞረ። ኤርካሎ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ በወላይታ ሰው ላሙን ለጎረቤቱ ሰጥቶ ወተቱንና ጥጃውን እንደሚካፈል፣ ያም ኮታ እንደሚባል፣ እንሰትም እንዲሁ እንደሚያዝ አስረዳ።

«የት ተጽፏል?» አሉ አቶ ሰብስቤ።

«ኮታ አይጻፍም» አለ ኤርካሎ። «ይጠበቃል።»

«የትኛው ረድፍ ነው የእሱ? ከአሥራ አራቱ ሰባቱን ለይታችሁ አሳዩኝ! ሌላውን ሰባት የቆረጠው ወንጀለኛ ነው።»

«አልተካፈሉም» አለች አዛለች። «እያንዳንዱ እንሰት ግማሹ የእሱ ነበር።»

ብሩ መናገር እንደማይፈልግ ሰው አጉተመተመ። «ሶርሳ ሲሞት ትቼላታለሁ። በልቤ ትቼላታለሁ።»

«እሱ ተወ እንጂ እኔ አልተቀበልኩም» አለች አዛለች፤ አሁንም አላየችውም። «አልነገረኝም፤ አልተቀበልኩም።»

ገበየው ብዕሩን አነሣና፣ ከዓርብ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን ሳያመው ጻፈ። የንብረቱ ባለቤቶች አዛለችና ብሩ፣ በጋራ። የቆረጠው ባለቤቱ። ወንጀል አልተፈጸመም። ከዚያ አንቀጽ አሥራ ሰባትን ከአቶ ሰብስቤ መዝገብ ላይ ራሱ ጮክ ብሎ አነበበና፣ በባለቤቱ እጅ ተነሥቷል ሲል ከታች ፈረመ። አቶ ሰብስቤ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላብጠው አነበቡ። የሚነቅፉት ቃል አጡ፤ ለእሳቸው ከዚህ የባሰ መከራ የለም። ጦናም ተፈታ። ገበየው እስከ በሩ ሸኝቶ ይቅርታ ጠየቀው።

ውጭ፣ ጣቢያው ደጃፍ፣ ብሩ አዛለችን ጠብቋት ነበር። ገበየው በመስኮቱ ሰማቸው።

«እኔ ልቁረጥልሽ ብትለኝም እምቢ እል ነበር» አለች።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልጠየቅኩሽ።»

«ከሶርሳ የቀረኝ እሱ ነበር። ቤቱ ጣውላና ቆርቆሮ ነው፤ እንሰቱን ግን በየቀኑ ሲያድግ አየው ነበር። እሱን ነው የቆረጥከው።»

አዛለች ነጠላዋን አጣፋች።

«ከችግኙ ግማሹ የእኔ ነው» አለች። «ነገ አምጥተህ በጓሮዬ ትተክላለህ። በየቅዳሜው መጥተህ ትኮተኩታለህ። እስኪደርስ ድረስ ግን አላናግርህም።»

«አዛለች፣ እንሰት እኮ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል።»

እሷ ግን ዝምታዋን ጀምራ ነበር፤ አልመለሰችለትም።

ገበየው መጀመሪያ የንዴት ቃል መስሎት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በብስክሌት ሲያልፍ፣ ብሩ ጓሮው ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲኮተኩት፣ አዛለች ጀርባዋን ሰጥታው በረንዳው ላይ ቡና ስትለቅም ያያቸዋል። ከመቆፈሪያው አጠገብ ሁልጊዜ በቅጠል የተሸፈነ የተቀቀለ ጎደሬ ይቀመጣል። ማን እንዳስቀመጠው የሚናገር የለም።

በ1963 ዓ.ም. የመስከረም ወር ውስጥ፣ አሁን መቶ አለቃ በሆነው በገበየው ጠረጴዛ ላይ አንድ ማመልከቻ ደረሰ። የእጅ ጽሕፈቱ ቢንቀጠቀጥም አወቀው። አቶ ሰብስቤ፣ በስድስት ቁጥር ጓሮ ያለው እንሰት ከጣሪያው በላይ አድጎ ከመንገድ መታየት መጀመሩን፣ ይህም አንቀጽ አሥራ ሰባትን እንደሚጥስ በአክብሮት ያመለክታሉ። ገበየው ሥራ የፈታ ሰው ምን ያህል ዕድሜ እንደሚሰጠው እየተገረመ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ላይኛው ሠፈር ወጣ።

አጥሩ ጋ ሲደርስ የመጋዝ ድምፅ ሰማ፤ ቆመ። በአጥሩ ክፍተት የብሩን ሸበቶ ራስ ከእንሰቱ ቅጠል ሥር አየው። አዛለች አጠገቡ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ፊቷ ወደ እሱ ነው።

«ይህ ሁሉ ልኬት ለምንድን ነው?» ትለው ነበር። «ዝቅ አድርገህ ቁረጠው እንጂ፤ እንሰት ነው፤ ጣውላ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ልነግርህ ስፈልግ ነበር።»

ገበየው ማመልከቻውን ከኪሱ አላወጣም። ብስክሌቱን አዞረና ወደ ጣቢያው ወረደ።